አርባ ሰባት ቁራጭ

ሰውየው ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ስልክ ሲጠብቅ ኖሯል። የዘመድ ስልክ አይደለም፣ የሐኪም ስልክም አይደለም፤ የጠላት ስልክ ነው። መደወሉ አይቀርም ብሎ ስልክ ቁጥሩን እንኳ አንድ ጊዜ ቀይሮ አያውቅም። የተደወለው አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የጎረቤቱን ሬዲዮ ፈትቶ ብሎኖቹን በጠርሙስ ክዳን ውስጥ እያጠራቀመ ሳለ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎን ለማግኘት ስንት ሰው ጠየቅሁ መሰለዎት!» አለች አንዲት ሴት። «የዘፋኙ ልጅ ነኝ። አንድ ጉድ ገጥሞን ነው የደወልኩት።»

«ምን ገጠማችሁ?» አለ። ብሎኖቹን ከነክዳኑ ወደ ጎን ገፋ።

«አባቴ መዝፈን የጀመረበትን አርባኛ ዓመት ልናከብር ነው። ያንን ትልቁን ዘፈኑን ከዋናው የቴፕ ክር ላይ አጽድተን እንደገና ልናወጣው አስበን ነበር። ክሩን ማሽን ላይ አድርገን ገና መዞር ሲጀምር፣ ምን ልበልዎት፣ ተበታተነ! ቁርጥራጭ ሆኖ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።»

«ቆጠራችሁት?»

«አርባ ሰባት ነው።»

ስልኩን ከጆሮው አራቀና ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። አፉ ሳያዘው ፈገግ አለ። «ትክክል ነው» አላት መልሶ። «አንድም አልጎደለም።»

ይህ ሰው በደህናው ዘመን ጆሮ ይባል ነበር። ስም ያወጡለት ሙዚቀኞች ናቸው፤ ሥራው ደግሞ ሙዚቀኞችን መቅዳት ነበር። ከአጎቱ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ወጥቶ ስቱዲዮ ሲቀጠር ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከስድስቱ የክራር ክር የትኛው እንደላላ ጀርባውን ሰጥቶ ይናገራል። አውቶቡስ በበር ሲያልፍ «ይሄስ ሳምንት አይቆይም፣ ማርሹ አልቋል» ይላል፣ በሳምንቱ አውቶቡሱ ቆሞ ይገኛል። ሚስቱን እንኳ ያገኛት በጆሮው ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ በሱቋ ደጃፍ ሲያልፍ የስፌት መኪናዋን ድምፅ ሰማና ገብቶ፣ ሰላም እንኳ ሳይል፣ «እመቤት፣ ይሄ መኪና ዘይት ይፈልጋል» አላት። «አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» አለችው። እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ጥያቄ ስትደግምለት ትኖራለች።

ስቱዲዮው ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ የነበረ አንድ ፎቅ ነው። ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶንና በአሮጌ ፍራሽ የተለበጠ፣ መሀል ላይ ትልቅ መስታወት ያለው። ከመስታወቱ ወዲያ ባንዱና ዘፋኙ፣ ከወዲህ ጆሮና ማሽኑ። ሕዝቡ የሚያውቀው ከመስታወቱ ወዲያ ያሉትን ነው። ከወዲህ ያለውን ሰው የሚያውቀው የለም፣ ጆሮም ይህን አይጠላውም ነበር። እውቅና የሚፈልግ ሰው ከመስታወት ጀርባ አይቀመጥም።

ዘፋኙ ያኔ ወጣት ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ ትንፋሽ ግን የለውም። እግዜር መልኩን ሲሰጠው ሳንባውን የረሳው ይመስላል። ያንን ዘፈን አራት ቀን ሙሉ አስራ ዘጠኝ ጊዜ ቀዱት። አንዴ መግቢያው ያምራል፣ መሀሉ ይበላሻል። አንዴ መሀሉ ይሰምራል፣ ላይኛው ድምፅ ላይ ሲደርስ እንደ ዶሮ ይሰነጠቃል። በአራተኛው ቀን ዘፋኙ ማይክራፎኑን ገፍትሮ «አልቻልኩም! አንተ እንደሆንክ አድርገው!» ብሎ ሄደ። ባንዱም ሄደ። ጆሮ አስራ ዘጠኝ ጥቅል ክርና አንድ ፓኮ ምላጭ ይዞ ቀረ።

የዛሬ ሰው በጣቱ ነክቶ ስለሚያስተካክል ይህ ሥራ ምን እንደነበር አያውቅም። ድምፁ ያለው ቡናማ ቀጭን ክር ላይ ነው። ክሩን በእጅህ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያንቀሳቀስክ የምትፈልጋትን ትንፋሽ ትፈልጋለህ፤ ስታገኛት ጀርባው ላይ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለህ፤ በምላጭ አግድመህ ትቆርጣለህ፤ ከሌላ ቀን ከተቆረጠ ክር ጋር ጫፍ ለጫፍ ገጥመህ በማጣበቂያ ትይዘዋለህ። በፀጉር ስንጥቅ ከሳትክ ዘፈኑ ያነክሳል። በልኩ ከቆረጥክ ማንም አይሰማውም፤ ማንም ስላልሰማውም ማንም አያመሰግንህም።

ሦስት ቀን ቆረጠ፣ ገጠመ። መግቢያው ከሦስተኛው ሙከራ፣ ሁለተኛው ስንኝ ከዘጠነኛው፣ እንዲህ እያለ አርባ ሰባት ቁራጭ አንድ ዘፈን ሆነ። ከሁሉ ሠላሳ አንደኛው ቁራጭ ይለያል። እዚያ ላይ ያ ሰው ሁሉ ፀጉሩ የሚቆምበት ረጅም ከፍ ያለ ድምፅ አለ። ዘፋኙ አንድ ቀን ጀምሮት አልጨረሰውም፣ ሌላ ቀን ጨርሶት አጀማመሩ አላማረም። ጆሮ የአስራ አንደኛውን መጀመሪያ ከአስራ ሰባተኛው መጨረሻ ጋር፣ አንዷን ድምፅ መሀል ለመሀል ቆርጦ በድርብ ማጣበቂያ ሰፋት፤ እንደ አንድ ቁራጭም ቆጠራት። እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሹን ይዞ ነበር የቆረጣት። ከዚያ በኋላም ከዚያ በፊትም እንደዚያ ያለ ነገር ከእጁ አልወጣም፣ እሱም ያውቀዋል።

ዘፋኙ ሲሰማው አለቀሰ። አቅፎ አገላብጦ ሳመው። «ወንድሜ ነህ! ስምህ ከስሜ ጎን ካልተጻፈ እኔ ሰው አይደለሁም!» አለ። ሸክላው ወጣ። ሽፋኑ ጀርባ ላይ የፎቶ አንሺው ስም አለ፤ የልብስ ሰፊው ስም አለ፤ የፀጉር አስተካካዩ ስም ሳይቀር አለ። የጆሮ የለም። ሚስቱ ሽፋኑን ገልብጣ ገልብጣ አየችና «እንግዲህ ሰው አይደለም ማለት ነው» አለች።

እሱን እንኳ ዋጠው። ያልዋጠው ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣውን ነው። እሑድ ጠዋት ነው፤ ቤቱ ውስጥ የሚስቱ ወንድም፣ ሁለት ደንበኞቿና ጎረቤት ተቀምጠዋል፤ ሬዲዮው ዘፋኙን ይጠይቃል። «ያንን ላይኛውን ድምፅ እንዴት አወጣኸው?» አለ ጠያቂው። ዘፋኙ ሳቀ። «በአንድ ትንፋሽ! ገባሁ፣ ዘፈንኩ፣ ወጣሁ። ድምፅ ወይ አለህ ወይ የለህም።» ጠያቂው ደግሞ «ስለ ቀጂው ምን ትላለህ? ጎበዝ ነበር ይባላል» አለ። «ማ? እሱ? እሱማ ቁልፍ ተጫኝ ነው!» አለ ዘፋኙ። «ጥሩ ቁልፍ ተጫኝ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሚስቱ ወንድም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰውዬ በበሩ ባለፈ ቁጥር «ቁልፍ ተጫኙ እንዴት ዋለ?» ሳይል አያልፍም። ደንበኞቹ ለጎረቤት አወሩ፣ ጎረቤት ለሰፈር አወራ። ጆሮ የሚለው ስም ቀረ፣ ቁልፍ ተጫኝ ተተካ። እሱም ከሰው ጋር መቀመጥ ጠላ፤ ሥራ አለኝ እያለ ጓዳ መግባት ለመደ። አንጀቱ ያረረ ሰው አይጮህም፤ እሱም አልጮኸም። ቂሙን ቋጥሮ ሰኞ ሥራ ገባ።

ሰኞ የሠራውን ለሚስቱም አልነገራትም። ከስቱዲዮው ኋላ የክር መጋዘን አለ። የመጋዘኑን የኋላ ግድግዳ ታኮ ከታች ከልብስ ማጠቢያው የሚመጣ የእንፋሎት ቧንቧ ያልፋል፤ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ እጅ ሲያደርጉ ሙቀቱ ያስደነግጣል። እዚያ ላይ ባዶ ካርቶን እንጂ ክር አይቀመጥም፤ ሙቀት ማጣበቂያን እንደሚያደርቅ ማንኛውም ቀጂ ያውቃል። ጆሮ የዚያን ዘፈን ሣጥን ከቀዝቃዛው ታችኛው መደርደሪያ አንሥቶ ከቧንቧው ጎን አስቀመጠው። ሌላውን የዘፋኙን ክር አልነካም። «ቆይ» አለ ለብቻው። «በአንድ ትንፋሽ የተዘፈነ ከሆነ ምን ይሆናል? ካልሆነ ግን አንድ ቀን ይፈታል።»

ከዚያ ጠበቀ። ስቱዲዮው ተዘጋ፣ መጋዘኑ ተቆለፈ፣ ልብስ ማጠቢያው ግን ሥራውን አላቆመም። ጆሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆነ፣ ፀጉሩ ነጣ፣ ልጆቹ ወጡ። ያ ዘፈን ሠርግ ላይ ሲዘፈን ይነሣና ይወጣል። ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ሳይደርስ ይወርዳል። ማክሰኞ ስልኩ የተደወለው እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው።

ልጅቷ በማግስቱ ሣጥኑን ይዛ መጣች። ሠላሳ ያለፋት፣ ረጋ ያለች፣ ሰው ስታናግር ዓይን የምታይ ናት። ቁራጮቹ ጀርባ ላይ ያሉትን የእርሳስ ምልክቶች አሳየችው። «ቁጥር ይመስላል፣ ግን ማንም ሊያነበው አልቻለም፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም አልገባንም።»

«ማንም አያነበውም» አለ። «ለራሴ ነው የጻፍኩት።»

«አባቴ ግን ሁልጊዜ በአንድ ትንፋሽ ነው የዘፈንኩት ይለናል።»

«አንቺ ነሽ የቆጠርሽው ልጄ። ትንፋሹ አርባ ሰባት ነበር ማለት ነዋ!»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ሣጥኑ መለሰች። እሱ ይህን እንደ ማር አጣጣመው። ከዚያ የሚፈልገውን ነገራት። አንደኛ፣ አዲሱ ሽፋን ፊት ላይ፣ ከዘፋኙ ስም ሥር፣ በዚያው መጠን የእሱ ስም ይጻፋል፤ «ከአርባ ሰባት ቁራጭ የገጠመው» ተብሎ። ሁለተኛ፣ «አባትሽ ራሱ ይምጣ፣ አጠገቤ ይቀመጥ» አላት። ልጅቷ አሰበችና ተስማማች። ወረቀት አውጥታ ጻፈች፦ ክሩ ሙሉ ሆኖ ከወጣ ስሙ ሽፋኑ ላይ ይወጣል። ሁለቱም ፈረሙ። ስትሄድ ሚስቱ ከመኪናዋ ቀና ሳትል «አሁንስ ምን ትፈልጋለህ?» አለችው። «ስሜን» አላት። ሚስቱ አላመነችውም።

ዘፋኙ መጣ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። ጥቁር መነጽር፣ የተወለወለ ጫማ፣ የጎረነነ ድምፅ። «ጆሮ! አንተ ሰው፣ አላረጀህም እኮ!» ብሎ እጁን ዘረጋ። ጆሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በርጩማውን አሳየው። ጓዳው ጠባብ ነው፤ ስቱዲዮው ሲዘጋ ያስቀረው አሮጌ ማሽን ጠረጴዛውን ሞልቶታል፤ ዘፋኙ ጉልበቱን አጥፎ ከማሽኑ ፊት ተቀመጠ። ልጅቷ ደብተር ይዛ በሩ ላይ ወንበር አደረገች።

«እኔ እገጥማለሁ» አለ ጆሮ። «አንተ ያንን ቁልፍ ትጫናለህ።»

ዘፋኙ ልጁን አየ፣ ቁልፉን አየ። «እኔ?»

«ከባድ ሥራ እንዳይመስልህ። አንተው ራስህ በሬዲዮ ተናግረህ የለ? ተጫን።»

ተጫነ። የመጀመሪያው ቁራጭ ዞረ። «ልቀቅ» አለ ጆሮ። «ይቺ ሦስተኛው ሙከራ ናት። ከዚህ በኋላ ሳል ጀመርክ። ልጄ፣ ጻፊ። ተጫን። ይቺ ዘጠነኛው ናት፣ ግጥሙን የረሳህበት። ልቀቅ። ቶሎ ነው የለቀቅከው፣ እንደገና። ይቺ አራተኛው ናት፤ እዚች ጋ ባንዱን ሰደብክ፣ ስድቡን ቆርጬ ጣልኩልህ።»

ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። ዘፋኙ ይጫናል፣ ይለቃል፤ አንገቱ ቀስ በቀስ ትከሻው ውስጥ ገባ። መነጽሩን ማውለቅ አልፈለገም። ልጅቷ ቁጥሩን ስትጽፍ አባቷን ማየት ተወች። የሚስቱ ወንድም ሰምቶ ሊያይ መጥቶ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ ታላቁ ዘፋኝ ቁልፍ ሲጫን አየና አፉን በእጁ ይዞ ተመለሰ። ጆሮ ያን ቀን ራቱን በላ፣ ደግሞ አስጨመረ። በዕድሜው እንዲህ አንጀቱ የራሰበት ቀን አልነበረም፤ ይህን ለማለትም አላፈረም። «ጥጋብ ይሉሃል ይሄ ነው» አላት ሚስቱን። ሚስቱ ሰሐኑን አነሣችና ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ሃያ ስምንተኛው ቁራጭ ገብቶ ነበር። ዘፋኙ ጣቱን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ልጄ የሌሎቹን ዘፈኖቼን ክር ሁሉ አምጥታለች። ያንንም አንተ ነህ የቀጣጠልከው። አንዱም አልተፈታም። ይቺ ብቻ ለምን ተፈታች?»

ዝም ማለት ይችል ነበር። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ግን የበቀል ክፉው ነገር ይሄ ነው፤ የተበቀሉት ሰው ካላወቀው እንዳልተበሉት ምግብ ነው። ጆሮ ምላጩን አስቀመጠና ቀና አለ።

«ቧንቧው ጋ ያስቀመጥኳት እኔ ነኛ!» አለ። «በሬዲዮ በተናገርክበት እሑድ ማግስት። ታችኛው መደርደሪያ ላይ መቶ ዓመት በቆየች ነበር። አንሥቼ እንፋሎቱ አጠገብ አደረግኋት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ማጣበቂያው እየደረቀ መሆኑን እያሰብኩ ነው የተኛሁት። እንድትመጣ ነው። እዚህች በርጩማ ላይ እንድትቀመጥ ነው።»

ልጅቷ እርሳሷን አቆመች። ጆሮ አንድ ነገር ጠበቀ፤ ስድብ፣ ጩኸት፣ ድንጋጤ። ዘፋኙ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ አርጅተዋል። ብዙ አየውና «ቀጥል» አለ ብቻ።

ጆሮ ሃያ ዘጠነኛውን አነሣ። ጣቱ ላይ ቡናማ ዱቄት ቀረ። ጠረገው። ክሩን ማሽኑ ላይ አደረገው፣ «ተጫን» አለ፤ ዘፋኙ ተጫነ፤ ከማሽኑ የወጣው ሹክሹክታ ነው። ክሩ ካለፈበት ብረት ላይ ዱቄቱ ተከምሯል። ክሩን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ቢያየው ወዲያ ማዶ ያለው ቤት ታየው። ድምፁን የያዘው ቡናማ ልባስ ረግፏል።

ያኔ ትዝ አለው። በእነዚያ በመጨረሻዎቹ ቀናት ጥሩው ክር አልቆ ነበር። ከአስራ አንደኛው ሙከራ በኋላ የቀዱት ከገበያ በጥድፊያ በተገዛ ርካሽ ክር ላይ ነው። ሣጥኑን ወደ ቧንቧው ሲያዞር ያሰበው ስለ ማጣበቂያው ብቻ ነበር፤ ርካሹ ክር ሙቀት እንደማይችል በሐሳቡ አልመጣም። እሱ ነው የገዛው፣ እሱ ነው የረሳው። ሠላሳኛውን አነሣ፣ ረገፈ። ሠላሳ አንደኛውን፣ ድርቡ ማጣበቂያ ያልለቀቀውን፣ በሁለት እጁ ያዘው። የመጀመሪያው ግማሽ ደህና ነው። ከቆረጠበት፣ ትንፋሹን ይዞ ከገጠመበት ወዲያ ያለው ግን እንደ መስታወት ጠርቷል። ሳያስበው በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ የቀረውም ዱቄት ረገፈ።

እስከ ሠላሳ ስድስተኛው ድረስ እንዲሁ ነው። ልጅቷ ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች፣ ቆየች፣ ተመለሰች። «ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም። «ሰው ቤት በደንብ የተያዘ አንድ ሸክላ አለ። ድምፁ እንደ ዋናው አይሆንም፣ ግን ሙሉ ነው። ከእሱ ነው የምናወጣው።»

«ሽፋኑስ?» አለ።

«ውሉ ክሩ ሙሉ ሆኖ ከወጣ ነው የሚለው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያንን ከሰማሁ በኋላ ደግሞ…» አልጨረሰችውም። ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ የሚስቱን እጅ ጨብጣ መኪና ልታስነሣ ወረደች።

ዘፋኙ ከበርጩማው ተነሣ፣ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«እውነቱን ልንገርህ» አለ። «እኔ ያንን ዘፈን ዘፍኜው አላውቅም። እኔ የዘፈንኩት አስራ ዘጠኝ ብልሹ ነው። ዘፈኑን የሠራኸው አንተ ነህ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንተ ሥራ ነው። ይህን ሁልጊዜም አውቃለሁ፤ ስለማውቅ ነው ስምህን ያላስጻፍኩት። እንግዲህ ቧንቧ ላይ ያቃጠልከው የእኔን ነገር አይደለም።»

ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቀው ቃል ይሄ ነበር። ሬዲዮ ላይ ሳይሆን፣ በሰው ፊት ሳይሆን፣ ልጅቷ እንኳ ከወረደች በኋላ፣ በጠባብ ጓዳ በር ላይ ተነገረው። ጆሮ መስታወት የመሰለችውን ቁራጭ በጣቱ እንደያዘ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ድገመው» አለ።

ዘፋኙ ደረጃውን መውረድ ጀምሮ ነበር።